ደገፋ ገንፎ ያዘወተረበት ዓመት

ጉቱ ከአቦምሳ ሲደውል ገና በጠዋቱ ነው። እኔ አዳማ፣ ቤቴ ውስጥ፣ አጥሚት በነጭ ጨርቅ እያጠለልኩ ነበር። ጉቱ የባሌ የደገፋ ታናሽ ወንድም ነው። ደገፋ አቦምሳ እናቱ ቤት ከተኛ ጀምሮ፣ ልጃችንን ልዩን ለማየት ወደ አዳማ ብቅ እያልኩ እመለስ ነበር። ያን ቀንም አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልቼ በመጀመሪያው መኪና ልሄድ ነበር የተነሳሁት።

“መሲዬ፣ ደህና አደርሽ?”

“እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደረ?”

ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል። ወዲያው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

“ማን አለ ካንቺ ጋር?”

“ልዩ አለች። አልተነሳችም።”

“ትልቅ ሰው የለም?”

“ጉቱ፣ እንዴት አደረ ነው ያልኩህ።”

“እዚያው ቆዪ። የትም አትውጪ፣ እሺ? መኪና ይመጣልሻል” ብሎ ዘጋው።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝሽ ሰው ከጎንሽ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ “ትልቅ ሰው የለም?” ሲለኝ ነግሮኛል። እጄ ግን ማጥለሉን አላቆመም። ጨርቁን እስከ መጨረሻው ጨመቅኩት፣ አጥሚቱን ፔርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት፣ ክዳኑን አጠበቅኩ። ጉቱ ከእኔ በፊት ለእናቴ ደውሎ ኖሯል። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ሸዋወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የእድር ሰዎች ከኋላዋ ቆመው አገኘኋቸው። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፔርሙስ ነው። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ደገፋ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ጥሩምባ መንፋት የማይወድ ሾፌር ነው ብል የሚያምነኝ የለም፣ ግን እንደዚያ ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያወልቅና አንዱን ከአንዱ ጋር እያጋጨ አቧራውን ያራግፋል። ልዩ ያንን ድምፅ ስትሰማ ነው አባቷ መምጣቱን የምታውቀው። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን ያስቃል።

የተወለደው አቦምሳ ነው። ስለ አርሲ ሰው ሁሉ መናገር አልችልም፣ የማውቀው የእነሱን ቤት ነው። በእነሱ ቤት ገንፎ የክብር ምግብ ነው። ማርቃ ይሉታል። የገብሱ ገንፎ ከምድጃ እንደወረደ በትልቅ የእንጨት ገበቴ ይቀርባል፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይፈስበታል፣ ሁሉም ዙሪያውን ተቀምጦ በየፊቱ ያለውን በማንኪያው እየቆረሰ ይበላል። ትኩሱን ነው የሚበሉት። የበረደ ገንፎ ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው። ወሬ የለም። ብላ፣ ብዪ የሚል ሰውም የለም።

ሙሽራ ሆኜ በሄድኩበት ቀን የመጀመሪያው ማንኪያ ምላሴን አቃጠለኝና እንባዬ መጣ። ጉቱ ያኔ ጎረምሳ ነበር። “አይ የናዝሬት ምላስ!” ብሎ ሳቀብኝ። ትንሽ ቀምሼ ማንኪያዬን አስቀመጥኩና እስኪለምኑኝ ጠበቅኩ። ማንም አልለመነኝም። ገበቴው ተነሳ። ርቦኝ አደርኩ። በማግስቱ የደገፋ እናት አዮ ሶረቲ፣ “ሚስትህ ምግባችንን ናቀች” እንዳሉት ደገፋ ነገረኝ።

“እኔ መች ናቅኩ? ብዪ የሚለኝ ስጠብቅ ነው እንጂ!”

“እዚህ ቤት የሚለምንሽ የለም” አለኝ። “የራበው ይበላል፣ የጠገበ ይነሳል። እናንተ ቤት ነው እንጂ ሰው ጠግቦ መነሳት የማይችለው። ተሸንፎ ነው የሚነሳው።”

እውነቱን ነው። የእናቴ ቤተሰቦች ከመንዝ መጥተው አዳማ የከተሙ ናቸው። በእናቴ ማዕድ ጉርሻ ያልጎረሰ ሰው እንደበላ አይቆጠርም። በሞቴ ይባላል፣ እኔ ልሙት ይባላል፣ ይቺን ብቻ ይባላል፣ ከይቺን ብቻ በኋላም ሌላ ይመጣል። ደገፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣ ዕለት እናቴ ጉርሻዋን ጠቅልላ ስትዘረጋለት እጁን ዘርግቶ ሊቀበላት ሞከረ። “በእጅ አይደለም ልጄ፣ አፍህን ክፈት!” አለችው። ታናሽ ወንድሜ አብተው እስከ ዛሬ ያንን እያነሳ ይስቃል። በኋላ ለመደና ከእናቴ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም የሚል ሰው ሆነ።

እሱና እናቴ አንድ ያልተግባቡበት ነገር ገንፎ ነው። እኛ ቤት ገንፎ የአራስ ነው። ሴት ስትወልድ ይገነፋል፣ ጠያቂ ይቀምሳል፣ አበቃ። ደገፋ አንድ ጊዜ እናቴ ቤት ሳለ ገንፎ አማረኝ ቢላት፣ “ውይ! ማን ወለደ?” ብላ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ በዚሁ ስታሾፍበት ነው የምትኖረው፤ እሱም ይስቃል።

አምና በፋሲካ እናቴ ቤት ተሰብስበን ገደፍን። እንደ ልማዷ ፈረሰኛውን ለደገፋ አወጣችለትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች።

“እማማ፣ ይቆየኝ” አላት።

“ምን ይቆየኛል? ሁለት ወር ጾመህ!”

“ጠግቤያለሁ።”

“ገና እጅህን ሳትሰድ ነው የጠገብከው? በሞቴ!”

አፉን ከፈተ። ሌሎቻችን ወሬያችንን ቀጠልን፣ እሱ ግን ያኝካል። አብተው አንድ ቀልድ ጨርሶ ሌላ ጀመረ፣ ደገፋ አሁንም ያኝካል። ከዚያ ውሃ አነሳ፣ ጠጣ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ተነስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ከሮቶው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የጎረሰውን በእጁ መዳፍ ላይ ተፍቶ አገኘሁት።

“ምን ሆንክ?”

“ሥጋው ጠንክሮ ነው።”

የእናቴ ዶሮ ጠንክሮ አያውቅም። መዳፉን አየሁት። የታኘከው ሁሉ እንዳለ ነው፣ ወደ ውስጥ ጨርሶ አልሄደም።

ወደ ውስጥ ስንገባ እናቴ ቅር ብሏት ነበር። “እጄን ተጸየፈው እንዴ?” አለችኝ ማዕድ ቤት ውስጥ ቀስ ብላ። “ስንት ዓመት ከእጄ በልቶ ዛሬ ምን አገኘው? ሰው ስለ እኔ ክፉ ነግሮት ይሆን?”

ከዚያ ወዲህ ደገፋ ቤት ውስጥ ገንፎ እንድሠራለት ይጠይቀኝ ጀመር። መጀመሪያ እሁድ እሁድ፣ ቆይቶ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር። ወደ እንጀራ አልቀርብ አለ። ዳቦ ተወ። እናቴ ስትሰማ፣ “የእኛ ምግብ ሰለቸው፣ ወደ አገሩ እህል ዞረ” አለች። አዮ ሶረቲ ደግሞ በስልክ ስነግራቸው ደስ አላቸው። “አሁን ገና ሚስት ሆንሽ! ልጄን የእናቱን እህል አበላሽው” ብለው በጉቱ እጅ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ላኩልኝ። አንዷ ተቀየመች፣ አንዷ ደስ አላት። የታመመ እንደሆነ የጠረጠረ ሰው ግን በሁለቱም ቤት አልነበረም።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። ፍርሃቴን የማውቀው በማማሰያው ነው። ግንቦት ላይ ማማሰያው ገንፎው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ሰኔ ላይ “ትንሽ ላላ አድርጊው” አለኝ። አላላሁት። “አሁንም ትንሽ” አለኝ። ሐምሌ ሲገባ የምሠራው ነገር ገንፎ መባሉ ቀርቶ ነበር፣ ከሳህኑ አፍስሶ ይጠጣዋል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው “ጨጓራ ነው፣ የሾፌር በሽታ ነው” ይለኛል። ደጋግሜ ስለው ተነስቶ መኪናውን ሊያጥብ ይወጣል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስበላ የምሰማው የጉሮሮውን ድምፅ ነው። እያንዳንዱ ሲወርድ እኔም አብሬ እውጣለሁ። የማይወርድ ሲመስለኝ እጄ እንጀራው ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመቂ ተደወለ።

“ሃሎ፣ የደገፋ ባለቤት ነሽ? ስሜ ዲዳ ነው፣ ቲማቲም የማስጭነው። አትደንግጪ፣ መኪናው ምንም አልሆነም።”

“ደገፋስ?”

“እሱም አለ፣ ተቀምጧል። እህት ዓለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ይሄ ሰውዬ ቤቱ ይበላል?”

“ምን ማለትህ ነው?”

“እኛማ አመሉ መስሎን ነበር። እኛ ጥብስ ስናዝ እሱ ሾርባና ለስላሳ ነው። ጫኞቹ ‘አራሱ’ ብለው ስም አውጥተውለታል፤ ‘ለአራሱ ሙቅ አምጡለት’ እያሉ ይስቃሉ። ዛሬ ልጆቹ ለጨዋታ ብለው ያዙትና አንድ ጉርሻ አጎረሱት። አንድ ጉርሻ፣ እመቤቴ! ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ወጣ። ጀርባውን ብንለው ብንለው… መጨረሻ ላይ ወጣለት። ጫኞቹ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ ምን አለ መሰለሽ? ‘ለሚስቴ እንዳትነግሯት።’ እኔ ደግሞ ይኸው ነገርኩሽ።”

ደገፋ የመጣው ሳይመሽ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፈታል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ዲዳ ደወለ” አልኩት።

“ወሬኛ።” አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቆየ። “አጎቴን መርዳሳን ታስታውሺዋለሽ?”

“በፎቶ ነው የማውቀው።”

“እሱም ‘ገንፎውን ላላ አድርጉልኝ’ ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ አጥሚት፣ ከዚያ ወተት። መጨረሻ ላይ ውሃ በማንኪያ የማጠጣው እኔ ነበርኩ። ውሃው ተመልሶ በአፍንጫው ሲወጣ አይቻለሁ።”

“ስለዚህ ታውቅ ነበር።”

“አላውቅም። እፈራለሁ እንጂ አላውቅም። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ግን አውቃለሁ።”

በማግስቱ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት። ምግብ አልወርድ ያለህ ከመቼ ጀምሮ ነው ሲለው ደገፋ እኔን አየኝ። የት አገር ነህ ሲለው “አርሲ” አለ። ሐኪሙ የሚጽፍበት እስክሪብቶ ትንሽ ቆም አለ፤ በሽታው እዚያ አካባቢ እንደሚበዛ በኋላ ነው የሰማሁት። በካሜራ አዩት፣ ናሙና ወሰዱ፣ አዲስ አበባ ላኩን። ካንሰር ነው። የምግብ መውረጃው ከግማሽ በላይ ተዘግቷል፣ ወደ ጉበቱም ሄዷል። “ለምን እስካሁን ቆያችሁ?” አሉን። ምን ብዬ እመልሳለሁ? በአንዱ ቤት ንቀት ተባለ፣ በሌላው ቤት ናፍቆት ተባለ ብዬ ለሐኪም እንዴት እነግረዋለሁ?

መስከረም ላይ የምግብ መውረጃውን የሚከፍት ቱቦ አስገቡለት። እንጀራ አይሆንም፣ ዳቦ አይሆንም፣ ሥጋ አይሆንም፣ ወፍራም ገንፎ አይሆንም ተባልን። ለብ ያለ፣ ቀጭን፣ ቀስ ተብሎ። ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለው። አጥሚት ሳይቸገር ጠጣ። ልዩ “አባዬ ድኗል” ብላ ለጓደኞቿ ነገረች። እኔ ግን ሲጠጣ አሁንም ጉሮሮውን ነበር የማየው።

አዮ ሶረቲ ሊጠይቁት ከአቦምሳ መጡ፤ ያመጣቸው ጉቱ ነው። እናቴም ሰምታ መጣች። ሁለቱ እናቶች በአንድ ክፍል፣ አንዷ በራስጌ አንዷ በግርጌ ተቀመጡ። የሐኪሙን ትእዛዝ ለሁለቱም ነገርኩ። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ለልዩ ምሳ ላቀርብ ወጣ አልኩ። ስመለስ እናቴ ፍትፍት በጣቷ ጫፍ፣ ከአተር ፍሬ የምታንስ፣ ይዛ “ለበረከት ያህል” ትለዋለች። አፉን ከፈተላት። ወረደችለት። እናቴ ዓይኗ አበራ።

አዮ ሶረቲ ተነሱ። በሕይወታቸው ማንንም ብላ ብለው የማያውቁ ሴት፣ ካመጡት ገንፎ በማንኪያ ቆርሰው ወደ ልጃቸው አፍ አስጠጉ።

“አዮ፣ ይቅርብዎ” አልኳቸው። “ወፍራም ነው።”

“ከእሷ እጅ በላ። ከእኔ አይበላም?”

ደገፋ አየኝ። ከዚያ እናቱን አያቸው። ማንኪያቸውን አልመለሱም። አፉን ከፈተ።

ገንፎው ቱቦው ላይ ተቀመጠ። አልወርድም አለ፣ አልወጣም አለ። ደገፋ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ምራቁ እንደ ክር ወረደ፣ ድምፅ የለውም። እናቴ “ማርያም! ማርያም!” እያለች ጀርባውን ትመታለች። አዮ ሶረቲ ማንኪያውን እንደያዙ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቀሩ። ጉቱ አቅፎት ወጣና ባጃጅ ውስጥ አስገባው። እኔ ጫማ አልተጫማሁም። መንገዱን በሙሉ አፉ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ትንፋሹን እየሰማሁ ሄድኩ። ሐኪም ቤት አወጡለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ምግብ ፈራ። ደገፋ ውሃ ሲሰጠው እንኳ ብርጭቆውን ይዞ ብዙ ጊዜ ያየዋል። ማንም ፊቱ መብላት አልቻለም። ልዩ ምሳዋን ማዕድ ቤት ቆማ ትበላለች፣ ሳህኑ እንዳይሰማ በጨርቅ ላይ ታስቀምጣለች። እሱ ሁሉንም ይሰማል።

“እዚህ መጥታችሁ ብሉ” አለኝ አንድ ቀን። “ሰው ሲበላ ማየት ናፈቀኝ።”

ሞከርን። እኔና ልዩ ፊቱ ቀርበን በላን። ግን እናቴ በመጣች ቁጥር እጇ ሳታስበው ወደ እሱ ይዘረጋል፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። የሚያየው ያንን እጅ ነው። ጎረቤት ይመጣል፣ “እባክህ ትንሽ እንኳ ቅመስ” ይለዋል። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ጠይቆ ቅመስ ሳይሉ መውጣት ጭካኔ ነው። አንድ ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ፣ “አቦምሳ ውሰዱኝ” አለኝ።

“ሐኪም የለም እዚያ።”

“እዚያ ብላ የሚለኝ የለም።”

ወሰድነው። አዮ ሶረቲ አልጋውን ከገበቴው አጠገብ አደረጉለት። ቤተሰቡ እንደ ድሮው በዝምታ ይበላል፣ እሱ ጋደም ብሎ ያያቸዋል። ማንም አይለምነውም። እኔ አጥሚቱን ሳጠጣው ካልወረደለት እጁን ያነሳል፣ እተዋለሁ። እዚያ ነው ሲያንቀላፋ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት። ጥር ላይ፣ እኔ ልዩን ልይ ብዬ አዳማ በመጣሁበት፣ ጉቱ ደወለ።

ቀበርነው። የሐዘን ቤቱ ሲሞላ ጎረቤት ንፍሮና እህል ይዞ ይመጣል፣ ለሁሉም ይቀርባል፣ ማንም ማንንም አያይም። እኔ ግን የሌላውን አፍ ማየት ለምጃለሁ። ጉቱን አየሁት። ንፍሮውን ያኝካል፣ ያኝካል፣ ዞር ይልና በእጁ ይቀበለዋል። አጥር ጥግ ለብቻው ሳገኘው፣

“ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።

“ሐዘን ነው፣ መሲዬ። ሐዘን ጉሮሮ ይዘጋል።”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

ወደ ቤቱ አየ። እናቱ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠዋል።

“ከመስቀል ጀምሮ” አለኝ። “ለአዮ እንዳትነግሪያት።”

ደገፋ በመስቀል በሕይወት ነበር።

አዳማ ስመለስ ያንን ሐኪም አነጋገርኩት። ቶሎ ይምጣ አለኝ። ጉቱ ከአርባው በኋላ አለ። አርባው ወጣ። ከዚያ ሥራ አለብኝ አለ፣ ከዚያ ልዩን ለማየት ስመጣ እታያለሁ አለ፣ አሁን ስደውል አያነሳም። ትናንት አዮ ሶረቲን አናገርኳቸው። ደህና ነው አሉኝ፣ ገንፎ ብቻ ነው የሚበላው፣ ወንድሙን አስቦ ነው አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ጉቱ ያለኝን አልነገርኳቸውም። ጉቱ እስካሁን ሐኪም ፊት አልቀረበም።